ጄምስ ዌብና የዩኒቨርሲቲዎች ዘላቂ ድጋፍ መርሐ ግብር፦ የጠፈር ተቋም ለሳይንስና ለምሕንድስና ትምህርት የሰጠው ድጋፍ ስኬትና ወሰን

አኅጽሮተ ጥናት

ጄምስ ኤድዊን ዌብ (1906–1992) የአሜሪካን የጠፈር ምርምር ተቋም ናሳን ከ1961 እስከ 1968 የመሩ የሕግ ባለሙያና የመንግሥት አስተዳዳሪ ናቸው። ስማቸው በአብዛኛው የሚነሣው ከጨረቃው ጉዞና ዛሬ በስማቸው ከሚጠራው የጠፈር ቴሌስኮፕ ጋር ተያይዞ ነው። ይህ ጽሑፍ የሚያተኩረው ግን ብዙ ባልተነገረለት ሥራቸው ላይ ነው፤ ይኸውም ናሳ ለአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች የዶክትሬት ተማሪዎችን ወጪ፣ የምርምር ሕንፃዎችንና ሰፊ የምርምር ገንዘብን የሰጠበት መርሐ ግብር ነው። ጽሑፉ የዌብን የሕይወት መንገድ በመከተል፣ መርሐ ግብሩ ሰውና ሕንፃ በማፍራት ረገድ ሲሳካ ዩኒቨርሲቲዎችን የመለወጥ ዓላማው ለምን ሳይሳካ እንደቀረ ይመረምራል። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።

ቁልፍ ቃላት፦ ጄምስ ዌብ፣ ናሳ፣ የድኅረ ምረቃ ትምህርት፣ የዩኒቨርሲቲ ድጎማ፣ የሳይንስ ፖሊሲ

መግቢያ

አንድ የመንግሥት ተቋም ለዩኒቨርሲቲ ገንዘብ ሲሰጥ በምላሹ የሚያገኘው ምንድን ነው? የምርምር ውጤት ነው? የሠለጠነ ሰው ነው? ወይስ ዩኒቨርሲቲው ራሱ ምን ዓይነት ተቋም ሊሆን እንደሚገባ የመወሰን ድርሻ? ይህ ጥያቄ በ1960ዎቹ በአሜሪካ በግልጽ ተነሥቶ ነበር። ያነሣው ሰው ደግሞ ሳይንቲስትም መሐንዲስም አልነበሩም። ጄምስ ዌብ የበጀትና የአስተዳደር ሰው ነበሩ። ይሁን እንጂ በሰባት ዓመት ከመንፈቅ የናሳ ዘመናቸው፣ የጠፈር ምርምር የሚፈልገውን የተማረ ሰው ከአገር ወስዶ ብቻ መሄድ እንደማይገባው፣ የወሰደውንም መተካት እንዳለበት አጥብቀው ያምኑ ነበር።

ስለ ዌብ የሚጻፉ ታሪኮች ብዙውን ጊዜ ሮኬትን፣ ጠፈርተኛንና የምክር ቤት ክርክርን ያስቀድማሉ። ከዚያ ጀርባ ያለው የትምህርት ታሪክ ግን የሰውየውን አስተሳሰብ በይበልጥ ያሳያል፤ ምክንያቱም ጨረቃ ላይ የመውረዱን ግብ ፕሬዚዳንቱ ሲሰጧቸው፣ የዩኒቨርሲቲዎቹን መርሐ ግብር ግን በአመዛኙ የቀረጹት እርሳቸው ናቸው።

ከትምህርት ቤቶች ኃላፊ ቤት እስከ ዋሽንግተን

ዌብ ጥቅምት 7 ቀን 1906 በሰሜን ካሮላይና ክፍለ ግዛት፣ በግራንቪል አውራጃ፣ ታሊ ሆ በተባለች የገጠር መንደር ተወለዱ። አባታቸው ጆን ፍሬደሪክ ዌብ የአውራጃውን የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ለ26 ዓመታት በበላይነት መርተዋል። እነዚያ ትምህርት ቤቶች እንደ ደቡቡ የአገሪቱ ክፍል ሁሉ ነጮችና ጥቁሮች ተለያይተው የሚማሩባቸው ነበሩ። ልጁ ያደገበት ቤት እንግዲህ ትምህርት የቤተሰብ ሥራ የሆነበት፣ በሌላ በኩል ግን ትምህርት ለማን እንደሚደርስ የዘር ወሰን የሚቆርጥበት ዓለም ነበር። ሁለቱም በኋለኛው ሥራቸው ላይ ጥላቸውን ጥለዋል።

በ1928 ከሰሜን ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ በትምህርት ሙያ የመጀመሪያ ዲግሪ አገኙ። ከዚያ በባሕር ኃይል እግረኛ ጦር ውስጥ በአብራሪነት ሠለጠኑ። በ1932 የአገሪቱን የኢኮኖሚ ድቀት ተከትሎ ወደ ዋሽንግተን ሄደው የሰሜን ካሮላይናው የምክር ቤት አባል የኤድዋርድ ፖው ጸሐፊ ሆኑ። ፖው የተወካዮች ምክር ቤት የሥነ ሥርዓት ኮሚቴ ሊቀ መንበር ስለነበሩ፣ ወጣቱ ጸሐፊ ረቂቅ ሕግ እንዴት እንደሚያልፍና እንዴት እንደሚቀር በቅርብ ለማየት ዕድል አገኙ። ከሥራቸው ጎን ለጎን በጆርጅ ዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ሕግ ተምረው በ1936 ለጥብቅና በቁ።

በዚያው ዓመት በኒው ዮርክ ብሩክሊን ወደሚገኘው ስፔሪ ጋይሮስኮፕ ኩባንያ ገቡና በሠራተኛ አስተዳደር ጀምረው እስከ ምክትል ፕሬዚዳንትነት ደረሱ። ኩባንያው ለአውሮፕላንና ለመርከብ የአቅጣጫ መሣሪያዎችን ይሠራ ስለነበር ጦርነቱ ሲቀርብ የሠራተኞቹ ቁጥር ከ800 ወደ 33,000 ገደማ አሻቀበ። ዌብ ለቴክኖሎጂ ሥራ የሠለጠነ ሰው በአንድ ጊዜ እንደማይገኝ፣ ገንዘብ ቢትረፈረፍም የሰው እጥረት ሥራን እንደሚያስር በተግባር የተማሩት እዚህ ነው።

የበጀት ሹሙና ምሁራኑ

ከጦርነቱ በኋላ ፕሬዚዳንት ሃሪ ትሩማን በ1946 የበጀት ቢሮ ኃላፊ አድርገው ሾሟቸው። ያኔ ገና የ39 ዓመት ሰው ነበሩ። በ1949 ደግሞ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ምክትል ኃላፊ ሆኑ። በዚህ ሥልጣን ላይ ሳሉ መንግሥት የዩኒቨርሲቲ ምሁራንን ዕውቀት የሚጠቀምበትን መንገድ ይፈልጉ ነበር። በ1950 ሶቪየት ኅብረት የአሜሪካን የሬዲዮ ሥርጭት ስታፍን፣ መሥሪያ ቤታቸው መፍትሔ እንዲፈልግ የማሳቹሴትስ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩትን ጠየቀ። ፕሮጀክት ትሮይ ተብሎ በሚታወቀው በዚህ ጥናት የፊዚክስ፣ የምሕንድስና፣ የታሪክና የሥነ ልቡና ሊቃውንት በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀመጡ። ልዩ ልዩ ሙያዎች ለአንድ አገራዊ ችግር የሚሰባሰቡበት ዩኒቨርሲቲ የሚለው የዌብ ሐሳብ በዚህ ዓይነት ልምድ የተቀረጸ ነበር።

የትሩማን ዘመን ሲያበቃ ወደ ኦክላሆማ ሄደው ከር-ማጊ በተባለው የነዳጅ ኩባንያ ቡድን ውስጥ ሠሩ። በ1955 በዚያው ክፍለ ግዛት የተቋቋመውና የሳይንስ ትምህርትን ለማሻሻል የሚጥረው ፍሮንቲየርስ ኦፍ ሳይንስ ፋውንዴሽን ከመሪዎቹ አንዱ እርሳቸው ነበሩ። የፋውንዴሽኑ መነሻ ሐሳብ ቀላል ነበር፤ ነዳጅና እርሻ ብቻ ያላት ክፍለ ግዛት ልጆቿን በሳይንስ ካላስተማረች በአዲሱ ኢኮኖሚ ውስጥ ቦታ አይኖራትም። ሶቪየት ኅብረት በጥቅምት 1957 ስፑትኒክን ስታመጥቅ ይህ የአንድ ክፍለ ግዛት ሥጋት የመላው አገር ሥጋት ሆነ። በ1958 ናሳ ሥራ ጀመረ። በዚያው ዓመት ለሳይንስ፣ ለሒሳብና ለውጭ ቋንቋ ትምህርት የፌዴራል ገንዘብ የሚመድብ የብሔራዊ መከላከያ ትምህርት ሕግ ወጣ።

ናሳና የተማረ የሰው ኃይል ጥያቄ

በ1961 መጀመሪያ ላይ ፕሬዚዳንት ጆን ኬኔዲ ናሳን እንዲመሩ ሲጠይቋቸው ዌብ አመንትተው ነበር። ቦታው ለሳይንቲስት ወይም ለመሐንዲስ እንደሚገባ አሰቡ። ኬኔዲ ግን የፖሊሲና የመንግሥት አሠራር ዐዋቂ ይፈልጉ ነበር። ዌብ የካቲት 14 ቀን 1961 ሥራቸውን ጀመሩ። የሳይንሱን ጉዳይ ለምክትላቸው ለፊዚክስ ሊቁ ሂዩ ድራይደን፣ የዕለት ተዕለቱን የምሕንድስና ሥራ ለሮበርት ሲማንስ አካፍለው፣ ራሳቸው ፊታቸውን ወደ ምክር ቤቱ፣ ወደ ኢንዱስትሪውና ወደ ዩኒቨርሲቲዎቹ አዞሩ።

ከሦስት ወር በኋላ፣ ግንቦት 25 ቀን 1961፣ ኬኔዲ አሥር ዓመቱ ሳያልቅ ሰው ጨረቃ ላይ እንዲወርድ ግብ አስቀመጡ። ግቡ የጠየቀው የሰው ኃይል ብዛት ታይቶ የማይታወቅ ነበር። ሥራው በተጧጧፈበት ጊዜ በናሳና በተቋራጮቹ ዘንድ ወደ 400,000 የሚደርሱ ሰዎች ተሰማርተዋል። እነዚህ መሐንዲሶችና ሳይንቲስቶች የተገኙት ደግሞ ከዩኒቨርሲቲዎች፣ ከሌሎች ኢንዱስትሪዎችና ከመከላከያ ምርምር ነው። ናሳ አገሪቱ ካላት ውስን የተማረ ሰው ላይ ሲወስድ በሌላው ዘርፍ ክፍተት ይፈጠር ነበር።

ዌብ ከዚህ ሁለት ድምዳሜ ላይ ደረሱ። አንደኛው፣ ናሳ የሚወስደውን ያህል የሠለጠነ ሰው የመተካት ግዴታ አለበት የሚል ነው። ሁለተኛው ሰፋ ያለ ነው፤ የጠፈር ምርምር አንድ ጉዞ ተፈጽሞ የሚያበቃ ሥራ ሳይሆን የአገርን የዕውቀት አቅም በሙሉ የሚያሳድግ መሆን አለበት። በኅዳር 1962 በዋይት ሐውስ በተደረገ ስብሰባ ኬኔዲ የጨረቃው ጉዞ ከሁሉ በላይ ቅድሚያ እንዲሰጠው ሲያሳስቡ፣ ዌብ የጠፈር የበላይነት በአንድ ጉዞ ብቻ እንደማይለካና ሳይንሱ በሁሉም አቅጣጫ ማደግ እንዳለበት ፊት ለፊት ተከራክረዋል። የዩኒቨርሲቲዎቹ መርሐ ግብር የተወለደው ከዚህ ሁለተኛ እምነት ነው።

ከዌብ በፊት የነበረው አሠራር ጠባብ ነበር። የመጀመሪያው የናሳ ኃላፊ ኪት ግሌናን ራሳቸው የኬዝ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ፕሬዚዳንት የነበሩ ሰው ናቸው። ይሁንና በእርሳቸው ዘመን ለዩኒቨርሲቲ የሚሰጠው ገንዘብ በዋናነት በተወሰኑ የምርምር ፕሮጀክቶች ላይ የተመሠረተ ነበር፤ አንድ ፕሮፌሰር መሣሪያ ይሠራል፣ መሣሪያው በሳተላይት ይመጥቃል፣ ውጤቱ ይታተማል። የዩኒቨርሲቲው ሰው ተቋሙን እንዲጠብቅ፣ የበጀቱ ሰው ግን እንዲለውጠው መፈለጋቸው የታሪኩ አንዱ አስገራሚ ገጽታ ነው።

የመርሐ ግብሩ ሦስት ክንዶች

በ1962 የተጀመረው የዩኒቨርሲቲዎች ዘላቂ ድጋፍ መርሐ ግብር ሦስት ክንዶች ነበሩት። እነርሱም የዶክትሬት ተማሪዎች ሥልጠና፣ የምርምር ሕንፃዎች ግንባታና ሰፊ የምርምር ድጎማ ናቸው።

የሥልጠናው ክንድ በ1962 መኸር በ10 ዩኒቨርሲቲዎች በ100 ተማሪዎች ተጀመረ። ግቡ በዓመት 1,000 ያህል አዳዲስ ዶክተሮችን ማፍራት ነበር። በ1966 አዲስ የገቡት ተማሪዎች ከ1,300 በላይ፣ የተሳተፉት ዩኒቨርሲቲዎች ደግሞ ወደ 150 ደርሰው ነበር። የአሠራሩ ዋና ልዩነት የነጻ ትምህርት ዕድሉ የሚሰጠው ለተማሪው ሳይሆን ለዩኒቨርሲቲው መሆኑ ነው። የብሔራዊ ሳይንስ ፋውንዴሽን የግል ስኮላርሺፕ በአገር አቀፍ ውድድር ስለሚሰጥ፣ አሸናፊዎቹ ብዙውን ጊዜ ወደ ጥቂት ዝነኛ ዩኒቨርሲቲዎች ይጎርፉ ነበር። በናሳ አሠራር ግን ገንዘቡ በሁሉም ክፍለ ግዛቶች ወደሚገኙ ተቋማት ይሄዳል፤ ተማሪውን የሚመርጠው ዩኒቨርሲቲው ነው። ተማሪው እስከ ሦስት ዓመት ድጋፍ ያገኛል፤ ዕጩው ሲመረቅ ናሳ ውስጥ እንዲሠራ አይገደድም። የትምህርት ዘርፉም በሮኬት ምሕንድስና ብቻ አልተወሰነም፤ ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪ፣ ሒሳብና ሥነ ሕይወት፣ በጥቂቱም የማኅበራዊ ሳይንስ ዘርፎች ተካተዋል።

የሕንፃው ክንድ ዛሬም ድረስ በዓይን የሚታይ አሻራ ትቷል። በበርክሌይ የሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የጠፈር ሳይንስ ላቦራቶሪ፣ በአሪዞና ዩኒቨርሲቲ የጨረቃና የፕላኔቶች ላቦራቶሪ የገባበት ሕንፃ፣ እንዲሁም በ1963 ራሱን የቻለ የጠፈር ሳይንስ ትምህርት ክፍል የከፈተው የራይስ ዩኒቨርሲቲ ሕንፃ በዚህ ገንዘብ ከተሠሩት መካከል ናቸው። ናሳ ሕንፃውን ካሠራ በኋላ ባለቤትነቱን ለዩኒቨርሲቲው ይለቅ ነበር።

የምርምር ድጎማው ክንድ ደግሞ ለአንድ ፕሮፌሰር ፕሮጀክት ሳይሆን ለዩኒቨርሲቲው በጥቅሉ የሚሰጥና ተቋሙ በራሱ ምርጫ የሚያከፋፍለው ገንዘብ ነበር። የአከፋፈል ዘዴው ልብ ሊባል ይገባዋል። ድጎማው ሲፈቀድ ለመጀመሪያው ዓመት የወጪው ሙሉ መጠን፣ ለሁለተኛው ሁለት ሦስተኛው፣ ለሦስተኛው አንድ ሦስተኛው ይያዛል። ከዚያ በየዓመቱ አዲስ ገንዘብ እየታከለ የጎደለው ይሞላል። በዚህም ዩኒቨርሲቲው ዘወትር የሦስት ዓመት ዋስትና በእጁ ይኖረዋል። ድጋፉ ቢቋረጥ እንኳ ሥራው የሚከስመው በአንድ ሌሊት ሳይሆን ደረጃ በደረጃ ነው። የዶክትሬት ተማሪን ወይም ወጣት ተመራማሪን በዓመታዊ በጀት ብቻ መያዝ ምን ያህል አስቸጋሪ እንደሆነ ለሚያውቅ ሰው ይህ ዘዴ በእርግጥ የበጀት ዐዋቂ ሥራ መሆኑ ግልጽ ነው።

የመግባቢያ ሰነዱ

ዌብ በዚህ አላበቁም። ሕንፃ የሚሠራለት ዩኒቨርሲቲ ፕሬዚዳንት ከናሳ ጋር የመግባቢያ ሰነድ እንዲፈርሙ አደረጉ። በሰነዱ ዩኒቨርሲቲው ሁለት ነገሮችን ለመሞከር ቃል ይገባል። የመጀመሪያው፣ የተፈጥሮ ሳይንስን፣ ምሕንድስናን፣ ማኅበራዊ ሳይንስንና የንግድ አስተዳደርን በጋራ ምርምር ማገናኘት ነው። ሁለተኛው ከጠፈር ምርምር የሚገኘው ዕውቀት በአካባቢው ወዳሉ ኢንዱስትሪዎችና ማኅበረሰቦች የሚደርስበትን መንገድ መፈለግ ነው። ለዌብ ሕንፃው የዚህ አዲስ አሠራር መነሻ እንጂ መጨረሻ አልነበረም።

ሰነዱ ሦስት ድክመቶች ነበሩት። አስገዳጅ አልነበረም፤ ቃሉን ያልፈጸመ ዩኒቨርሲቲ የሚደርስበት ነገር የለም፤ ሕንፃውም ከእጁ አይወጣም። ከዚህ በላይ ደግሞ የፈረመውና ሥራውን የሚሠራው ሰው የተለያዩ ነበሩ። ፕሬዚዳንቱ ይፈርማሉ፤ ምርምሩን የሚያካሂደው ግን መምህሩ ነው። የመምህሩ የደረጃ ዕድገት የሚወሰነው በትምህርት ክፍሉ፣ ስሙ የሚገነባው በሙያ ባልደረቦቹ ዘንድ ነው። አንድ ፊዚሲስት ከኢኮኖሚስት ጋር ሲሠራ የሚያሳልፈው ጊዜ በራሱ መስክ ላያስቆጥርለት ይችላል። ዌብ ዩኒቨርሲቲን እንደ አንድ ትልቅ ኩባንያ፣ ፕሬዚዳንቱንም እንደ ሥራ አስኪያጁ ተመልክተውት ይሆናል። የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ግን ትእዛዝ ከላይ ወደ ታች የሚፈስበት ተቋም አልነበረም።

ሦስተኛው ድክመት በናሳ ውስጥ የነበረ ነው። የሳይንስ መርሐ ግብሮቹ ኃላፊዎች፣ ሆመር ኒዌልን ጨምሮ፣ ከዩኒቨርሲቲዎች ጋር ያላቸው ግንኙነት በዋናነት ጥሩ ምርምር የማግኘት ጉዳይ ነበር። በእነርሱ ዓይን መልካም መረጃ የሚያመጣ ላቦራቶሪ ግቡን መትቷል። የሰነዱን ቃል የሚከታተል፣ የሚለካና የሚጠይቅ አካል በተቋሙ ውስጥ ጠንክሮ አልተገኘም። ሙከራዎች አልጠፉም፤ በበርክሌይ በፈላስፋውና በሥርዓት ተንታኙ ዌስት ቸርችማን መሪነት የማኅበራዊ ሳይንስ ሰዎች በጠፈር ላቦራቶሪው ውስጥ እንዲሠሩ ተደርጎ ነበር። ይሁን እንጂ እንዲህ ያለው ጥረት የተለመደ አሠራር ሊሆን አልቻለም። በ1968 የወጣው የናሳ የራሱ የግምገማ ዘገባም ሥልጠናውና ሕንፃዎቹ ፍሬ ማፍራታቸውን፣ የመግባቢያ ሰነዶቹ ዓላማ ግን በአመዛኙ አለመፈጸሙን አሳየ። ዌብ በዚህ ማዘናቸውን አልሸሸጉም።

ሌላም ወሰን ነበር፤ ይህኛው በሰነዱ ውስጥ ሳይሆን በመርሐ ግብሩ አወቃቀር ውስጥ የተደበቀ ነው። ሥልጠናው የሚሰጠው ዶክትሬት በሚያስተምሩ ተቋማት ብቻ ነበር። በታሪክ የጥቁር አሜሪካውያን ከሆኑት ኮሌጆች መካከል ደግሞ በዚያን ጊዜ በሳይንስ ዶክትሬት የሚሰጡት እጅግ ጥቂት ነበሩ። ስለሆነም ገንዘቡ በሃምሳዎቹም ክፍለ ግዛቶች ቢዳረስም እነዚህን ኮሌጆች በአብዛኛው ሳይነካ አልፏል። ዌብ ለጉዳዩ ባይተዋር አልነበሩም። በ1964 የአላባማ የዘር መድልዎ ባለሙያዎችን ወደ ሀንትስቪል የማምጣት ችግር ስለፈጠረ፣ በዚያ ያለውን የሮኬት ማእከል ከፍተኛ ሠራተኞች ወደ ሌላ ክፍለ ግዛት ሊያዛውሩ እንደሚችሉ በይፋ አስጠንቅቀዋል። ማእከሉም በዚያው ዘመን ከጥቁር ኮሌጆች የምሕንድስና ተማሪዎችን እያስመጣ ሥራና ትምህርትን አጣምረው እንዲቀጥሉ ማድረግ ጀምሯል። ሆኖም ዋናው የትምህርት ገንዘብ የሚፈስበት ቦይ አስቀድሞ በተቆፈረበት መስመር ቀጠለ። በክፍለ ግዛቶች መካከል እኩል ማዳረስና በሰዎች መካከል እኩል ማዳረስ አንድ ነገር አለመሆናቸው እዚህ ላይ በግልጽ ይታያል።

የመቀነስ ዓመታት

የናሳ በጀት በ1966 ከፌዴራል መንግሥት ወጪ 4.4 ከመቶ ደርሶ ነበር። ከዚያ በኋላ የቬትናም ጦርነትና የፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን የማኅበራዊ መርሐ ግብሮች ወጪ እየገፋው ወደ ታች ወረደ። በደኅናው ጊዜ በዓመት ከ40 ሚሊዮን ዶላር በላይ ይመደብለት የነበረው የዩኒቨርሲቲዎች መርሐ ግብር ለ1968 የበጀት ዓመት ያገኘው 10 ሚሊዮን ያህል ብቻ ነው። በምክር ቤቱ ትምህርትን መደገፍ የብሔራዊ ሳይንስ ፋውንዴሽን ሥራ እንጂ የጠፈር ተቋም ሥራ አይደለም የሚለው ክርክር ጎልቶ ወጣ። ይህን ክርክር ለመመከት የመግባቢያ ሰነዶቹ ውጤት ቢኖር ጠቃሚ ማስረጃ በሆነ ነበር። ውጤቱ ግን አልነበረም። ዌብም መምረጥ ነበረባቸው፤ ጨረቃን ለማዳን ሌላውን መሠዋት ግድ ሆነባቸው።

ጥር 27 ቀን 1967 በኬፕ ኬኔዲ በሙከራ ላይ የነበረ የአፖሎ መንኮራኩር በእሳት ተያይዞ ሦስት ጠፈርተኞች ሞቱ። ዌብ በምክር ቤቱ ፊት ቀርበው የከረረውን ወቀሳ በራሳቸው ላይ ወሰዱ። ተቋሙ ከአደጋው አገገመ። የእርሳቸው የፖለቲካ አቅም ግን ከዚያ በኋላ እንደ ቀድሞው አልሆነም። ጥቅምት 7 ቀን 1968፣ 62ኛ ዓመታቸውን በያዙበት ዕለት፣ ሥልጣናቸውን ለቀቁ። አፖሎ 11 ጨረቃ ላይ ሲያርፍ በኃላፊነት ላይ አልነበሩም።

የሥልጠናው መጨረሻ ከመጀመሪያው ሐሳብ ጋር የሚጋጭ መልክ ያዘ። መርሐ ግብሩ ሲጀመር የአገሪቱ ሥጋት የሳይንስ ዶክተሮች እጥረት ነበር። በ1966 የገቡት ተማሪዎች በ1970 ገደማ ሲመረቁ ግን የጠፈርና የመከላከያ ምርምር ገንዘብ ተቀንሶ፣ በተለይ በፊዚክስ ሥራ ፈላጊው ከሥራው በዝቶ ነበር። አንድ ዶክተር ለማፍራት አራትና አምስት ዓመት ይፈጃል፤ በጀት ግን በአንድ ዓመት ይለወጣል። ዌብ ለምርምር ድጎማው ያበጁት የሦስት ዓመት ዋስትና ይህን አለመጣጣም ለዩኒቨርሲቲዎቹ አቀለለ። ለተመራቂዎቹ የሥራ ዕድል ግን ተመሳሳይ ዋስትና አልነበረም። መርሐ ግብሩ በ1970ዎቹ መባቻ አከተመ።

ከዌብ በኋላ

ዌብ ከናሳ ከወጡ በኋላ በዋሽንግተን ኖሩ፤ በስሚዝሶኒያን ተቋም የቦርድ አባልነት አገለገሉ፤ ስለ ትላልቅ የመንግሥት ሥራዎች አመራር ጻፉ። መጋቢት 27 ቀን 1992 በ85 ዓመታቸው አርፈው በአርሊንግተን ብሔራዊ መቃብር ተቀበሩ። በ2002 ናሳ ያን ጊዜ በዝግጅት ላይ የነበረውን ትልቁን የጠፈር ቴሌስኮፕ በስማቸው ሰየመ፤ ቴሌስኮፑም ታኅሣሥ 25 ቀን 2021 መጠቀ። ስያሜው ክርክር አስነሥቷል። ዌብ በውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤትና በናሳ በነበሩበት ዘመን ግብረ ሰዶማውያን ሠራተኞች ከመንግሥት ሥራ ይባረሩ ስለነበር ድርሻቸው ተጠየቀ። ናሳ በ2022 ያወጣው የታሪክ ምርመራ እርሳቸውን ከማባረሩ መሪነት ጋር በቀጥታ የሚያያይዝ ማስረጃ እንዳላገኘ ገልጾ ስያሜውን አጸና፤ ተቺዎቹ ግን አልረኩም።

የትምህርት ድጋፉ ሐሳብም በሌላ መልክ ተመለሰ። በ1987 የአሜሪካ ምክር ቤት ብሔራዊ የጠፈር ድጎማ ኮሌጅና ፌሎውሺፕ መርሐ ግብርን በሕግ አቋቋመ። ይህ መርሐ ግብር በሃምሳዎቹ ክፍለ ግዛቶች፣ በዋሽንግተን ዲሲና በፖርቶ ሪኮ በተመሠረቱ 52 የዩኒቨርሲቲዎች ጥምረቶች አማካይነት ለተማሪዎች ድጋፍ ይሰጣል። ከዌብ ዘመኑ የሚለየው በሦስት ነገር ነው። መሠረቱ የተቋሙ ኃላፊ ውሳኔ ሳይሆን ሕግ ነው፤ ከዶክትሬት በታች ያሉ ተማሪዎችንና ትናንሽ ኮሌጆችን ይጨምራል፤ ከአካባቢው ጋር የመተሳሰሩ ሥራ ደግሞ በጎን የተፈረመ ቃል ሳይሆን የጥምረቱ አወቃቀር አካል ነው። በ2017ና ከዚያም በኋላ የናሳን የትምህርት መሥሪያ ቤት ለመዝጋት የሚያስቡ የበጀት ዕቅዶች በመንግሥት ሲቀርቡ ምክር ቤቱ ገንዘቡን እንዲቀጥል አድርጓል። በየክፍለ ግዛቱ ተሟጋች ያለው መርሐ ግብር በአንድ ኃላፊ እምነት ላይ ከቆመው ይልቅ መጽናቱ የሚያስገርም አይደለም።

ማጠቃለያ

የዌብ ታሪክ ሁለት የተለያዩ መለኪያዎችን ይጠይቃል። በሠለጠኑ ሰዎችና በተሠሩ ላቦራቶሪዎች ቢለካ፣ መርሐ ግብራቸው በጥቂት ዓመታት ውስጥ በሺዎች የሚቆጠሩ የዶክትሬት ተማሪዎችን ደግፏል፤ የፕላኔቶችና የጠፈር ሳይንስ በዩኒቨርሲቲ ውስጥ ራሱን የቻለ ቦታ እንዲያገኝ ረድቷል። እርሳቸው ራሳቸው ባስቀመጡት ከፍተኛ መለኪያ፣ ማለትም በዩኒቨርሲቲው መለወጥ ቢመዘን ግን ውጤቱ ደካማ ነው።

ልዩነቱ የመጣው ከገንዘብ ማነስ አይደለም፤ ሰነዶቹ የተፈረሙት ገንዘብ በተትረፈረፈባቸው ዓመታት ነበርና። ገንዘቡ የተሰጠው ለተማሪ፣ ለሕንፃና ለምርምር ሲሆን፣ ለውጡ የተጠየቀው ደግሞ በጎ ፈቃድን ብቻ በሚጠይቅ ወረቀት ነበር። ለጋራ ምርምር የተለየ የመምህራን ቦታ፣ የደረጃ ዕድገት መስፈርትና ክትትል አልተመደበለትም። ዌብ ተቋማት ለተከፈላቸው ሥራ እንደሚተጉ ከማንም በላይ የሚያውቁ የበጀት ሰው ነበሩ፤ እጅግ የሚሹትን ነገር ግን ያለ በጀት ተዉት። ለትምህርት ገንዘብ የሚመድብ የጠፈር ተቋምም ሆነ ገንዘቡን የሚቀበል ዩኒቨርሲቲ፣ የሚፈልገውን ለውጥ በሰነዱ መግቢያ ላይ ሳይሆን በወጪ ዝርዝሩ ውስጥ መፈለግ እንዳለበት የእርሳቸው ልምድ ያስተምራል።